የማይሞላው ምኞት፦ ሲኒማ፣ ሳይኮአናሊሲስና ካፒታሊዝም

በብሪታንያ የፊልም ተቋም የሚታተመው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ የልዩ ልዩ አገሮችን ሐያስያን እየጠየቀ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ዝርዝር ያወጣል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሰባ ዓመታት ውስጥ የመጀመሪያውን ደረጃ ያገኙት አራት ፊልሞች ብቻ ናቸው። በ1952 የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች»፣ ከ1962 እስከ 2002 በተካሄዱት አምስት ምርጫዎች የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን»፣ በ2012 የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ»፣ በ2022 ደግሞ የሻንታል አከርማን «ዣን ዲየልማን» ተመርጠዋል። ሐያስያኑ ድምፅ ሲሰጡ ስለ ሳይኮአናሊሲስ፣ ማለትም ሰው ራሱ ሳያውቀው በውስጡ ያለውን ሐሳብና ምኞት ስለሚመረምረው ትምህርት፣ ወይም ስለ ካፒታሊዝም ያስቡ ነበር ማለት አይደለም። አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያያቸው ሰው ግን አንድ ጥያቄ በአራት መልክ ሲነሣ ያገኛል፤ ሰው የሚመኘው ነገርና ገበያ የሚያቀርብለት ነገር የሚገናኙት በምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ካለፉት ኀምሳ ዓመታት ወዲህ በፊልም ፍልስፍና ውስጥ ከዋነኞቹ ክርክሮች አንዱ ሆኖ ቆይቷል፤ ፊልም በስልክና በሳሎን ቴሌቪዥን በወርኃዊ ክፍያ በሚታይበት በዛሬው ጊዜ ደግሞ የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ክርክሩ የሚጀምረው ከአንድ ልዩነት ነው። ለሳይኮአናሊሲስ መሥራች ለሲግመንድ ፍሮይድ፣ ይልቁንም ፍሮይድን እንደ አዲስ ላነበበው ለፈረንሳዊው ዣክ ላካን፣ ፍላጎትና ምኞት አንድ አይደሉም። ፍላጎት የሚያረካው ነገር አለው፤ የራበው ሲበላ፣ የጠማው ሲጠጣ ጸጥ ይላል። ሕፃን ሲያለቅስ ግን የሚጠይቀው ወተት ብቻ አይደለም፤ በወተቱ በኩል የእናቱን መገኘትና ፍቅር ይጠይቃል። ወተቱን ሲያገኝ ሆዱ ይሞላል፣ በልቅሶው ውስጥ የነበረው ሌላው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይቀራል። ላካን ምኞት የሚለው ይህን ሳይመለስ የሚቀረውን ነው። ስለዚህ ምኞት የጠፋው ዕቃ ሲገኝ የሚያበቃ ፍለጋ ሊሆን አይችልም፤ ጠፋ የተባለው ነገር ከመጀመሪያውም በእጅ አልነበረም፣ ሰውን የሚያንቀሳቅሰውም ጉድለቱ ራሱ ነው።

ካርል ማርክስ በ1867 በወጣው የ«ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ፣ ሸቀጥ ከላይ ሲያዩት ተራ ነገር ቢመስልም ሲመረምሩት የነገረ መለኮት ረቂቅነት እንዳለው ጽፏል። የሠራተኞች ድካምና ግንኙነት ከዓይን ይሰወርና ዕቃዎቹ ዋጋቸውን ከራሳቸው ያገኙት ይመስላል። ገዢው ዕቃውን ለምን እንደሚሻው ግን ማርክስ አልመረመረም፤ ፍላጎቱ ከሆድም ይምጣ ከምናብ ለነገሩ ለውጥ የለውም ብሎ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አልፎታል። ነጋዴዎች ግን አላለፉትም። የፍሮይድ የእኅት ልጅ ኤድዋርድ በርኔይስ በ1929 በኒው ዮርክ የፋሲካ ሰልፍ ላይ ወጣት ሴቶች በአደባባይ እያጨሱ እንዲያልፉ ባደረገ ጊዜ፣ ሲጋራውን የነፃነት ችቦ አድርጎ ነበር ያቀረበው። ትንባሆው ያው ትንባሆ ነበር፤ የተለወጠው ገዢዋ በእርሱ በኩል የምትሻው ነገር ነው።

በአሜሪካ በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ፊልም የሚያስተምረው ቶድ ማክጎዋን በ2016 ባሳተመው «ካፒታሊዝምና ምኞት» በተሰኘ መጽሐፉ እነዚህን ሁለት መስመሮች በአንድ ክርክር ሰብስቧቸዋል። በእርሱ አስተያየት ካፒታሊዝም ጸንቶ የቆየው ሰውን ስለሚያረካ ወይም ስለሚያስገድድ ብቻ ሳይሆን ከምኞት ቅርጽ ጋር ስለሚስማማ ነው። ጉድለቱ ፈጽሞ የማይሞላ መሆኑን ይደብቅና ቀጣዩ ዕቃ ይሞላዋል ብሎ ቃል ይገባል። በጉጉት የተገዛው ስልክ በሳምንቱ ተራ ዕቃ ሲሆን ገዢው የሚሰማው ቅሬታ የሥርዓቱ ብልሽት አይደለም፤ ወደ ሚቀጥለው ግዢ የሚገፋው ኃይል ነው። ሰው እርካታውን የሚያገኘው ከማግኘት ይልቅ ከመፈለግ ነው፤ ይህን ለራሱ ቢያውቀው ኖሮ ግን ቃል ኪዳኑ ገዢ አያገኝም ነበር።

ወደ ፊልሞቹ ስንመለስ «የብስክሌት ሌቦች» በፍላጎት ይጀምራል። ሥራ አጥ የነበረው አንቶኒዮ ሪቺ በሮም ከተማ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፣ ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ ታስለቅቅለታለች፤ በመያዣ ቤቱ ውስጥ አንድ ሠራተኛ የእነርሱን ጥቅል ይዞ ከፍ ባሉት መደርደሪያዎች ላይ ሲወጣ፣ የስንት ቤት አንሶላ እዚያ ተከማችቶ እንዳለ እናያለን። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ የእንጀራ ነገር ነው። አንቶኒዮ በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ የሚለጥፈው ማስታወቂያ ግን የሆሊውዷ ተዋናይት የሪታ ሄይወርዝ ምስል ነው። ከመሰላሉ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ለማስተካከል ሲታገል ብስክሌቱ ይሰረቃል። ዴ ሲካ በዚህች አጭር ትዕይንት ውስጥ ሁለቱን ዓለማት አገናኝቷቸዋል፤ የሌሎችን ምኞት የሚቀሰቅሰውን ምስል ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ የሚደክመው ሰው የገዛ ልጁን ምግብ የሚያስገኝለትን መሣሪያ ያጣል። ስለ ሲኒማና ስለ ካፒታሊዝም ግንኙነት ከተጻፉት ብዙ ገጾች ይልቅ ይህች ትዕይንት ትበልጥብኛለች፤ የምኞት ምስል በማን ድካም ከግድግዳው ላይ እንደሚወጣ ታሳያለችና።

«ሲቲዝን ኬን» ለዚህ ንባብ ከሁሉ ይልቅ የተመቸ ይመስላል፤ ምናልባትም ለዚሁ ነው ከሁሉ ያነሰ የሚሰጠው። ባለጸጋው የጋዜጣ ባለቤት ሲሞት የተናገረው «ሮዝበድ» የልጅነት የበረዶ መንሸራተቻው ስም መሆኑን በመጨረሻ እናውቃለን። እናቱ በድንገት የመጣላትን የማዕድን ሀብት ተከትላ ልጁን ለባለ ባንኩ አሳልፋ ስትሰጠው በበረዶው ላይ ይጫወት የነበረው በዚያ መንሸራተቻ ነው፤ ሀብቱና እጦቱ የመጡት በአንድ ቀን ነው። ዌልስ ራሱ ይህን ፍቺ ርካሽ ፍሮይድ ብሎ አናንቆታል፤ ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል፤ ለተመልካቹ «የጎደለው ነገር ይኸውላችሁ» ብሎ የሚሰጥ መልስ ነውና። ከመንሸራተቻው ይልቅ የሚናገሩት በኬን ቤተ መንግሥት ውስጥ ሳይከፈቱ የቀሩት የጥበብ ሥራ ሳጥኖች ናቸው።

በ1970ዎቹ ፓሪስና ለንደን ላይ የተነሡት የፊልም አሳቢዎች ትኩረታቸውን ከታሪኩ ወደ ተመልካቹ አዞሩ። ዣን ሉዊ ቦድሪ እና ክርስቲያን ሜትዝ፣ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ሁሉን የሚያየውን ተመልካች፣ ላካን በመስታወት ውስጥ ራሱን አይቶ ሙሉ የሆነ ስለሚመስለው ሕፃን ከጻፈው ጋር አገናኙት፤ ሰውየው ከካሜራው ጋር ራሱን አንድ አድርጎ የሚያየው ዓለም ጌታ የሆነ ይመስለዋል። በ1975 ሎራ መልቪ በ«ስክሪን» መጽሔት ባወጣችው ዝነኛ ጽሑፍ ደግሞ በሆሊውድ ፊልም ውስጥ ወንድ የሚያይ፣ ሴት የምትታይ ሆነው መሠራታቸውን አሳየች፤ ይህን ደስታ የመተንተኗ ዓላማ ደስታውን ማፍረስ መሆኑንም በግልጽ ጻፈች። እንዲህ በቀጥታ ዓላማውን የሚናገር ንድፈ ሐሳብ ብዙ አይገኝም፤ ጽሑፉ እስከ ዛሬ የሚነበበውም በከፊል በዚህ ድፍረቱ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ከዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በኋላ አሜሪካዊቷ የንድፈ ሐሳብ ጸሐፊ ጆአን ኮፕጄክ፣ ቆይቶም ማክጎዋን፣ እነዚህ ጸሐፊዎች ላካንን በግማሹ ብቻ አንብበውታል የሚል ትችት አቀረቡ። ላካን በ1964 በሰጠው ትምህርት ዋና ምሳሌው በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤት የሚገኘው የሃንስ ሆልባይን የ1533 ሥዕል ነበር። በሥዕሉ ላይ ሁለት የከበሩ መልእክተኞች በውድ ልብስ፣ በሳይንስና በሙዚቃ መሣሪያዎች ተከበው ቆመዋል፤ ከእግራቸው ሥር ግን ከፊት ለፊት ሲያዩት ምንነቱ የማይለይ ነገር ተጋድሟል። ተመልካቹ ከጎን ሆኖ ሲያየው የራስ ቅል ሆኖ ይገለጣል። ላካን እይታ የሚለው እንግዲህ ጌታ የሆነውን የተመልካች ዓይን ሳይሆን በሥዕሉ ውስጥ ያለውን ይህን ጠማማ ነጥብ ነው፤ ተመልካቹ የሥዕሉ ጌታ አለመሆኑን፣ ምኞቱ አስቀድሞ በሥዕሉ ውስጥ መቆጠሩን የሚነግረው ነጥብ። እንዲህ ካነበብነው ሲኒማ የግድ ማደንዘዣ አይሆንም። በምስሉ ውስጥ ያለውን ጉድለት የሚሸፍን ፊልም አለ፤ ጉድለቱን ገልጦ ተመልካቹን በፊቱ የሚያቆም ፊልምም አለ።

«ቨርቲጎ»ን እንደገና ማየት የሚያስፈልገው በዚህ ዓይን ነው። ከመርማሪነት ሥራው የተገለለው ስኮቲ፣ የቀድሞ ጓደኛው ሚስት ናት የተባለችውን ማደሊንን እንዲከታተል ይጠየቃል፣ ይወድዳታል፣ ከደወል ቤት ወድቃ ስትሞትም ያያታል። ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ እርሷን የምትመስል ጁዲ የተባለች የሱቅ ሠራተኛ ያገኛል፤ ወደ ልብስ መደብር ይወስዳትና ያንኑ ግራጫ ልብስ ያስመርጣታል፣ ያንኑ ጫማ ያስገዛታል፣ ፀጉሯን በዚያው ቀለም ያስቀባታል። መደብሩ ውስጥ የምታስተናግዳቸው ሴት ጌታው የሚፈልጉትን በደንብ ያውቃሉ ትለዋለች። ያቺ አስተያየት የፊልሙን ምስጢር ገልብጣ ትናገረዋለች፤ ስኮቲ የሚፈልገውን አያውቅም፣ የሚያውቀው የዕቃውን ዝርዝር ብቻ ነው። በመደብር ተቀጥራ የምትሸጥ ሴት ራሷ በሌላ መደብር ውስጥ ተመርጣና ተለክታ እንደ ሸቀጥ ትሠራለች።

ሂችኮክ ግን ከዚህ አልፎ ሄዷል። ስኮቲ እውነቱን ከማወቁ ከብዙ ጊዜ በፊት ጁዲ ፊቷን ወደ ካሜራው ታዞራለች፤ ቀጥሎ በትዝታዋ ማደሊን የተባለችው ሴት ራሷ ጁዲ እንደነበረች፣ ሁሉም የግድያ ሴራ አካል እንደነበረ ይነገረናል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ስኮቲ የጠፋችውን ሴት እንደገና ለመሥራት ሲደክም እኛ ከእርሱ ጋር መመኘት አንችልም፤ የሚሠራው ቅጂ የሌላ ቅጂ ቅጂ መሆኑን፣ ዋናዋ ከመጀመሪያውም እንዳልነበረች እናውቃለንና። የስሎቬንያው ፈላስፋ ስላቮይ ዢዤክ በተደጋጋሚ ያተኮረበት ነጥብ ይህ ነው፤ ስኮቲን የሚያደቅቀው የተወደደችው መሞቷ ሳይሆን ጥንቱንም አለመኖሯ ነው። ማስታወቂያ ምስጢሩን በፍጹም አይገልጥም፤ ፊልሙ ግን ከማለቁ ብዙ አስቀድሞ ገልጦ በዚያ እውቀት ውስጥ እንድንቀመጥ ያስገድደናል።

ይህ ሁሉ የተጻፈው ስለ የትኛው ተመልካች ነው የሚለው ጥያቄ ከመልቪ በፊትም በኋላም ተነሥቷል። የሥነ አእምሮ ሐኪም የነበረው ፍራንዝ ፋኖን በ1952 እንደጻፈው፣ በካሪቢያን ደሴቶች የታርዛንን ፊልም የሚያይ ጥቁር ወጣት ራሱን ከታርዛን ጋር አንድ ያደርጋል፤ ያንኑ ፊልም በአውሮፓ አዳራሽ ውስጥ ሲያየው ግን ነጮቹ ተመልካቾች እርሱን በስክሪኑ ላይ ካሉት ጥቁሮች ጋር ይቆጥሩታል፣ ያን ጊዜ ከምስሉ መሸሽ አይችልም። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ቤል ሁክስ በ1992 ጥቁር ሴት ተመልካቾች በሆሊውድ ፊልም ውስጥ ከሚያየው ወንድም ከምትታየዋ ነጭ ሴትም ጋር ራሳቸውን ሳያስተካክሉ፣ ምስሉን እየተቃወሙ ማየትን ለምደው እንደኖሩ ጽፋለች። የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን በ1966 ባወጣው «ጥቁሯ ልጅ» ውስጥ ደግሞ ዲዋና የምትባል ወጣት ከዳካር ወደ ፈረንሳይ የምትሄደው ስለ ሱቆቹና ስለ ቆንጆዎቹ ከተሞች እያለመች ነው፤ ስትደርስ የምታየው የአሠሪዎቿን ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ብቻ ሆኖ በመጨረሻ ራሷን ታጠፋለች። ከቤይሩት እስከ ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥረው ስለሚሠሩ እኅቶቻችን የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ፊልም እንደ ሩቅ ታሪክ ሊያየው አይችልም። ለአሠሪዎቿ በስጦታ የሰጠችውን ጭምብል ሰውየው ወደ ዳካር ሲመልሰው አንድ ልጅ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አድርጎ ከኋላው ይከተለዋል። ላካን በሆልባይን ሥዕል ውስጥ ያገኘውን፣ ከምስሉ ውስጥ ወደ ባለጸጋው የሚመለሰውን እይታ፣ ሴምቤን በዳካር መንገድ ላይ አሳይቶታል።

አከርማን «ዣን ዲየልማን»ን ያወጣችው መልቪ ያንን ጽሑፍ ባሳተመችበት በ1975 ነበር፤ ዕድሜዋም ዌልስ «ኬን»ን ባቀረበበት ጊዜ እንደነበረው ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነበር። ፊልሙ 201 ደቂቃ ይፈጃል። ባሏ የሞተባት አንዲት የብራስልስ ሴት በሦስት ቀናት ውስጥ ድንች ስትልጥ፣ ሥጋ ስትለውስ፣ ሳህን ስታጥብ፣ ለልጇ እራት ስታቀርብ እናያለን፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ወንድ ይመጣል፣ የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋል፣ ስትወጣ ገንዘቡን በሾርባ ሳህን ውስጥ ታስቀምጣለች። ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ፊቷን አቅርቦ አያሳይም፣ ሌላ ፊልም ቆርጦ የሚያልፈውን የወጥ ቤት ሥራ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ሌላ ፊልም የሚያሳየውን የመኝታ ቤት ነገር ደግሞ ለሁለት ቀናት በር ዘግቶ ይተወዋል። መልቪ ይፍረስ ያለችው ደስታ እዚህ ፈርሶ እናገኘዋለን።

በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከመጠን በላይ ይበስላል። ያች ትንሽ ስሕተት በዚህ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ ከፍንዳታ ይልቅ ትሰማለች፤ ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ የምትይዘው ነገር ሁሉ ከእጇ እየሾለከ፣ ሰዓቷ እየተዛነፈ ይሄዳል። ዣን የምታደርገው ሁሉ ጉድለቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ለመድፈን ነው፤ ቤቷ ንጹሕ፣ ቀኗ ሙሉ ነው፣ ለምኞት የሚሆን አንዲት ደቂቃ አልተተወም። በሦስተኛው ቀን በሩ ለተመልካቹ ይከፈታል፣ በአልጋው ላይ ያልጠበቀችው ስሜት ይደርስባታል፣ ተነሥታም ሰውየውን በመቀስ ትወጋዋለች። ቀጥሎ በጨለማው ሳሎን ለብዙ ደቂቃዎች ትቀመጣለች። አከርማን ምክንያቱን አትነግረንም። ማርክስ ከሸቀጥ ጀርባ የተሰወረ ነው ያለው ድካም እና ላካን ፍላጎት ከሞላ በኋላም ይቀራል ያለው ምኞት በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው የምናይበት ከዚህ የተሻለ ፊልም አላውቅም።

በዚህ አቀራረብ ላይ የቀረቡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። ዴቪድ ቦርድዌልና ኖኤል ካሮል በ1996 ባዘጋጁት መድበል፣ የሳይኮአናሊሲስ ተከታዮች እውነተኛ ተመልካቾችን ሳይጠይቁ ስለ ተመልካች ይጽፋሉ ሲሉ ወቅሰዋል፤ ወቀሳው ለብዙ ደካማ ጽሑፎች ተገቢ ነው። ፈረንሳውያኑ አሳቢዎች ዠል ደሉዝና ፌሊክስ ጓታሪ ደግሞ በ1972 ምኞት ከጉድለት ይመነጫል የሚለውን መሠረት ራሱን ክደዋል፤ ለእነርሱ ምኞት የሚያመርት ኃይል ነው፣ ጉድለት የሚባለው በኅብረተሰቡ ሥርዓት ተደራጅቶ የሚፈጠር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሦስተኛ ነገር ነው። ጉድለት የሰው ሁሉ ዕጣ ነው ብሎ መጻፍ አንሶላውን ላስያዘች ሴት ስድብ ሊሆን ይችላል። ማክጎዋን የሚገልጸው ገዢ አስቀድሞ ጠግቦ ያደረ ገዢ ነው፤ የአንቶኒዮ ብስክሌት ግን የማይጨበጥ የምኞት ጥላ አይደለም፣ ቢገኝ ኖሮ የቤቱን ችግር ይፈታ ነበር። ካፒታሊዝም ለአንዱ ምኞቱን እየቀሰቀሰ ለሌላው ፍላጎቱን ይነፍጋል፤ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ቋንቋ መተርጎም ትንታኔውን ያዛባዋል።

ይህን ጥንቃቄ ይዘን ወደ ዛሬው ስክሪን ስንመጣ፣ ሜትዝና መልቪ ያሰቡት ተመልካች በአብዛኛው ከአዳራሹ ወጥቷል። ኔትፍሊክስ በ2012 አንዱ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ የሚጀምርበትን አሠራር አስገባ፤ በየካቲት 2013 የአንድ ተከታታይ ድራማ ሙሉ ምዕራፍ በአንድ ቀን ለቀቀ፤ በ2017 መሪው ሪድ ሄስቲንግስ ከሚፎካከሯቸው ነገሮች አንዱ እንቅልፍ መሆኑን ተናገረ፤ በ2024 መጨረሻ የደንበኞቹ ቁጥር ከሦስት መቶ ሚሊዮን በልጦ ነበር። በሲኒማ ቤት ትኬት የገዛ ሰው የተወሰነ፣ መጨረሻ ያለው ፊልም ይገዛል። ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍለው ግን የሚገዛው ቀጣዩን ነው፤ ድርጅቱም ገቢው እንዳይቋረጥ ሁልጊዜ የሚቀጥል ነገር ማሳየት አለበት። ላካን በግንቦት 1972 ሚላን ላይ ስለ ካፒታሊዝም ሲናገር፣ ሥርዓቱ በመንኮራኩር ላይ እንዳለ ያለ አንዳች እንቅፋት ይሮጣል፣ ከመጠን በላይ ከመሮጡም የተነሣ ራሱን ይበላል ብሎ ነበር። በራሱ የሚጀምረው ቀጣይ ክፍል የዚህ አባባል የቴክኒክ መልክ ይመስላል።

እስካሁን የተመለከትናቸው ፊልሞች የሚሠሩት በመጨረሻቸው ነው። አንቶኒዮ ልጁን በእጁ ይዞ በሕዝቡ መካከል ሲሰወር፣ ስኮቲ ከደወል ቤቱ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ፣ ዣን በጨለማ ሳሎን ስትቀመጥ ተመልካቹ የሚቀበለው መልስ ሳይሆን ጉድለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ጊዜ፣ መብራቱ እስኪበራና ከአዳራሹ እስኪወጣ ያለው ጊዜ፣ የፊልሙ አካል ነበር። የዛሬው ስክሪን የሚወስደው ይህንን ጊዜ ነው። ፊልሙ ሳይነካ ሊቀርብ ይችላል፣ የአከርማንም ሥራ በኢንተርኔት ይታያል፤ የሠራተኞቹ ስም ወደ ጥግ ተጠጋግቶ ሌላ ምስል ሲመጣ ግን ጉድለቱ ለሚቀጥለው ነገር መግቢያ በር ይሆናል፣ ማለትም ከማስታወቂያ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። ብዙዎቻችን በኋላ እናየዋለን ብለን የምናስቀምጣቸውና ሳናያቸው የምንቀራቸው የፊልም ዝርዝሮችም ከኬን ያልተከፈቱ ሳጥኖች ብዙ አይርቁም፤ የተከማቸው ፊልም ሳይሆን የማየት ተስፋ ነው።

ስለዚህ የፊልም ፍልስፍና አሁን ሊመረምረው የሚገባው በስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ብቻ ሳይሆን በሁለት ምስሎች መካከል ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ጭምር ነው። እነዚያ ሰከንዶች በአጋጣሚ የተተዉ አይደሉም፤ የተለኩና የተነደፉ ናቸው። በኔትፍሊክስ ላይ ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ ደንበኛው ግን ፈልጎ ገብቶ ማጥፋት አለበት፣ እንደ መነሻ የተቀመጠለት መቀጠሉ ነውና።